ሰው ቤት ሄዶ መንከባከብ ወይስ ነርሲንግ ሆም?

አሜሪካ ውስጥ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ለመጀመር ካሰባችሁ ምርጫው ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ናቸው፦ ሰው ቤት ሄዶ መሥራት ወይም ነርሲንግ ሆም፣ ማለትም አረጋውያን እየኖሩ እንክብካቤ የሚያገኙበት ተቋም። ሥልጠናው ያን ያህል አይለያይም። ሜዲኬርን (በዋናነት የአረጋውያን የሆነውን የመንግሥት ጤና መድን) ለሚቀበሉ የቤት ለቤት ኤጀንሲዎችም ሆነ ለነርሲንግ ሆም የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ይጠይቃል። ከዚያ በላይ የሚጠይቁ ስቴቶችም አሉ።

ሰው ቤት ሄዳችሁ ስትሠሩ ፊታችሁ ያለው አንድ ሰው ነው። ገላውን የምታጥቡት ሳትቻኮሉ ነው። ተረከዙ ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ቅላት ወይም ጥቁረት ካያችሁ የአልጋ ቁስል ጅማሬ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ለኤጀንሲው ነርስ ትደውላላችሁ። ሰውየውን በደንብ ስለምታውቁት ትንሿም ለውጥ አታመልጣችሁም። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ግን ብቻችሁን ናችሁ። ቢወድቅ አብሮ የሚያነሳ የለም። ሆስፒታል ከገባ ደግሞ ሰዓታችሁ ይቀነሳል፣ ገቢያችሁም እንደዚያው።

ነርሲንግ ሆም ሽፍቱ የታወቀ ነው፣ ነርስም ቅርብ ናት። ግን አንዱን ሳትጨርሱ የሌላው ደወል ይጮኻል።

ለጀማሪ ነርሲንግ ሆም ይሻላል እላለሁ። ሰውን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር ልምድ ካለው ሰው ጎን ሆኖ ቢለመድ ጥሩ ነው። እጃችሁ ከተፍታታ በኋላ ቤት ለቤቱን ሞክሩት።