ጉልበቱን ተዉት፣ ሙቀቱን ያዙ፦ ሱባሩ ደብሊው አር ኤክስ በአዳማ

ባለ ቱርቦ መኪና፣ ማለትም ለሞተሩ አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ ያለው፣ ገዝቶ እያሻሻለ በየቀኑ መንዳት የሚፈልግ ሰው ሁሉ በቅድሚያ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት ይወጣዋል?» ብሎ ነው። አዳማ ለሚኖር ሰው እኔ ጥያቄውን እቀይረዋለሁ። በሚያዝያ ቀትር፣ ፍራንኮ አካባቢ ባጃጅ ከፊትም ከኋላም ከቦት ሲቆም ሞተሩ የሚስበው አየር ምን ያህል ይግላል? መኪናዬን የመረጥኩትም፣ ገንዘቤን ያፈሰስኩበትም ከዚህ ተነስቼ ነው። ሁለት ክረምት አልፎበታል፤ ሐሳቤን የሚያስቀይር ነገር ግን አላጋጠመኝም።

መኪናው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ2006 ሥሪት ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ሴዳን ነው። 2.5 ሊትር ሞተር፣ አምስት ማርሽ ያለው ካምቢዮ፣ 230 ገደማ የፈረስ ጉልበት። መሪው በግራ ነው፤ የገባውም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ነው። ምርጫው ሰፊ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ የአሮጌ መኪና ቀረጥን ሰማይ ሰቀለው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎችን ማስገባት ጭራሽ ቀረ። ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው ቀድሞ አገር ውስጥ ከገባው ነው፤ ያም በጣም ጥቂት ነው።

ከሱባሩው ጋር ያወዳደርኩት ሚትሱቢሺ ላንሰር ኢቮሉሽንንና ባለ ኳትሮውን (በአራቱም ጎማ የሚነዳውን) ኦዲ ኤ4 ነበር። ኢቮሉሽን እስከ ዘጠነኛው ትውልድ ድረስ የብረት ብሎክ ያለው ሞተር ይዞ ስለመጣ ለሚያሻሽል ሰው ከሁሉም የተሻለ መሠረት ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ሞላው ደረቅ ነው፣ ለፊትና ለኋላ ጎማዎች ጉልበት የሚያከፋፍለውን የመካከለኛውን ዲፈረንሻል የሚቆጣጠረው የሃይድሮሊክ ፓምፕ ቢበላሽ ደግሞ አዳማ ላይ ደፍሮ የሚነካው ሰው አላገኘሁም። ኦዲው ውስጡ ያማረ፣ በረጅም መንገድ ጸጥ ያለ ነው፤ ባለ 1.8 ቱርቦው ሞተር ግን ዘይቱ ሳይቀየር ሲቆይ በቀላሉ ዝቃጭ ይቋጥራል፣ የካንዴላ ኮይሎቹም ይቃጠላሉ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ ለዕለት መንዳት የሚሆነው የሱባሩ ሌጋሲ ባለ ቱርቦው ነው፤ በእጅ ማርሽ የሚነዳ ብፈልግ ብፈልግ አላገኘሁም።

አሁን ስለ ከፍታው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ አሰላ ሲደርሱ ደግሞ ሩቡ ጎድሏል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። የአሰላን ዳገት አምስት ሰው ጭኖ በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት የሚወጣውን ኮሮላ ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለ ቱርቦው የጎደለውን አየር አምቆ ስለሚተካ ዳገቱን በአራተኛ ማርሽ ይወጣዋል። የቱርቦ ዋና ጥቅም ለእኔ ይህ ነው፤ ለመሽቀዳደም አይደለም።

ግን ነጻ ነገር የለም። ባሕር ዳርቻ ላይ 0.8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚጨምር ቱርቦ የአንድ ባሩን አየር 1.8 ያደርሰዋል፤ ማመቁ 1.8 እጥፍ ነው። አዳማ ላይ ከ0.82 ተነስቶ ያንኑ 1.8 ለመድረስ 2.2 እጥፍ ማመቅ አለበት። ያን ያህል ለማመቅ ይበልጥ መፍጠን ይኖርበታል፤ አየር በታመቀ ቁጥር ደግሞ ይግላል። የዚህ መኪና ቱርቦ ትንሽ ነው፤ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎም ይደክማል። እንግዲህ እዚህ አገር «ግፊቱን ትንሽ ከፍ እናድርገው» የሚል ሰው ሲመጣ፣ ቱርቦው ሳይነኩትም ከፍ ብሎ እየሠራ መሆኑን ረስቶታል ማለት ነው።

የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ሞተሩ ላይ ተኝቶ፣ ንፋስ የሚያገኘው ኮፈኑ ላይ ካለው አፍ ነው። በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ሥራውን በደንብ ይሠራል። ከተማ ውስጥ እየቆምክ ስትንቀሳቀስ ግን ከሥሩ ያለው ሞተር ያግለዋል፤ ከመብራት ስትነሳ መኪናው ለጥቂት ሰከንዶች ይፈዛል። ብዙዎች መፍትሔው ኢንተርኩለሩን ወደ ፊት አውጥቶ ራዲያተሩ ፊት መስቀል ነው ይላሉ። እኔ አልተቀበልኩትም፤ ቱቦው ይረዝማል፣ ቱርቦው ይዘገያል፣ ራዲያተሩም ትኩስ አየር ይደርሰዋል። ይልቅ የተሰነጠቁትን የኢንተርኩለር ጎማዎች ለወጥኩ፣ ከቱርቦው የሚወጣውን የጭስ ቱቦ ሙቀት በሚከላከል ጨርቅ አስጠቀለልኩ፣ ራዲያተሩን በአዲስ ቀየርኩ። ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚያወርደው መንገድ፣ ሙቀቱ ሲብስ፣ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

ቤንዚን ሌላው ራስ ምታት ነው። አምራቹ ለዚህ ሞተር 95 ኦክቴን ይመክራል (ኦክቴን ቤንዚኑ ከጊዜው ቀድሞ እንዳይነድ ያለው አቅም ነው)፤ ማደያ ስንሄድ የሚጠብቀን ግን አንድ ዓይነት ቤንዚን ነው፣ እሱም ተሰልፈን ከተገኘ። የሞተሩ የማመቅ ምጣኔ 8.4 ለ1 ብቻ መሆኑ ይረዳል። ቢሆንም ዝቅተኛ ኦክቴን፣ ትኩስ አየርና ዳገት አንድ ላይ ሲመጡ ቤንዚኑ ከጊዜው ቀድሞ ይነድና ሞተሩ ያንኳኳል፤ የዚህ ሞተር ፒስተኖች ደግሞ ፋሻው (ቀለበቱ) በሚቀመጥበት ቦታ መሰንጠቅን ያውቁበታል። አዲስ አበባ የሚገኝ ባለሙያ የሞተሩን ኮምፒውተር ፕሮግራም ሲያስተካክልልኝ የጠየቅኩት የተለመደውን አልነበረም። «ግፊቱን አትንካው፤ እሳቱን ትንሽ አዘግየው፣ ቤንዚኑን ጫን ስትል ጨምርለት» አልኩት። ደንበኛ ጉልበት ቀንስልኝ ሲለው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ በጣም ሳቀ። መኪናው አሁን በአሰላ ዳገት አያንኳኳም።

የቀድሞው ባለቤት ክፍት ፊልትሮ ገጥሞበት ነበር፣ ያ የሚያፏጨውን። አውጥቼ ዋናውን ሳጥን መለስኩ። አንደኛ፣ የአየር መለኪያው ሴንሰር የተስተካከለው ለዋናው ሳጥን ቱቦ ስፋት ነው፤ ቱቦው ሲለወጥ ሴንሰሩ በተሳሳተ መጠን ያነባል፣ ቤንዚኑም ሊያንስ ይችላል። ሁለተኛ፣ የአዳማን ንፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለልን ያለ ምክንያት አይደለም። ያ ንፋስ አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው። ወደ ወንጂ ጥርጊያ መንገድ አንድ ጊዜ ወጣ ብሎ የተመለሰ ፊልትሮ አውጥታችሁ ብታራግፉት ያሳምናችኋል።

ገንዘቤን ካወጣሁባቸው ነገሮች ሁሉ ደጋግሜ የምመርጠው ጎማና ቸርኬ ነው። መኪናው የመጣው ባለ 17 ኢንች ቸርኬ፣ 215/45 ጎማ ይዞ ነው፤ የጎማው ጎን ከፍታ 97 ሚሊ ሜትር ብቻ። ኮብልስቶንና ሳይታሰብ የሚመጣ ጉድጓድ ላይ ቸርኬው ይታጠፋል። ወደ 16 ኢንችና 205/55 አወረድኩት። አጠቃላይ ቁመቱ ብዙም አልተለወጠም፤ የጎኑ ከፍታ ግን 113 ሚሊ ሜትር ሆነ። የፊት ፍሬኑ ትልቅ ስለሆነ ሁሉም ባለ 16 ቸርኬ አያልፈውም፤ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አስገጥማችሁ እዩ።

ከጎሚስታዬ ጋር ግን እስካሁን አልተግባባንም። «ወንድሜ፣ ሁለቱ ገና ናቸው፤ የተበላሹትን ብቻ ቀይር» ይለኛል፣ ለኪሴ አስቦ። እንደ ሱባሩዬ አራቱም ጎማ በሚነዱበት መኪና ይህ አይሠራም። የጎማዎቹ ዙሪያ ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ በላይ ከተለያየ፣ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እንኳ ካምቢዮው ውስጥ ያለው የመካከለኛው ዲፈረንሻል ያለ እረፍት ይፋተጋል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይያዛል። አራት ጎማ በአንድ ጊዜ መግዛት የማይችል ሰው ይህን መኪና ባይገዛ ይሻለዋል። መራር ነው፣ ግን ከካምቢዮ ዋጋ ይረክሳል።

ጥገናው ትዕግሥት ይጠይቃል። ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ ስለተጋደሙ ካንዴላ ለመቀየር እንኳ የመኪናውን ጎን በጎን መበርበር ነው። የታይሚንግ ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ይጋጫሉ፤ ያገለገለ ስትገዙ የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ፣ ቤንዚን በቀዳሁ ቁጥር ደግሞ ልኩን አያለሁ፤ እነዚህ ሞተሮች ዘይት ይጠጣሉ። አንድ ነገር ብዙ ሰው አያውቅም፦ ለቱርቦው ዘይት በሚያደርሰው ቱቦ ብሎን ውስጥ ትንሽ ወንፊት አለች። ስትደፈን ቱርቦው ያለ ዘይት ይደርቃል። መካኒኬ አዛውንት ናቸው፤ አውጥተው ሲያዩዋት «ልጄ፣ ይህችን ማን ነው እዚህ የደበቃት?» አሉኝ። ግማሿ በጥላሸት ተዘግታ ነበር።

ማርሚታውን አልነካሁም። አማቴ አሰላ ናቸው፤ ሌሊት ስንደርስ ሰፈሩን የሚቀሰቅስ መኪና በራቸው ላይ አላቆምም። ለዓመታዊ ቦሎ ምርመራም ክርክር አያስፈልገኝም። ፍጆታው በከተማ በ100 ኪሎ ሜትር ከ13 እስከ 14 ሊትር፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ ወደ 10 ነው። መለዋወጫ ሶማሌ ተራ ከተገኘ ዕድል ነው፤ ካልሆነ ከሻርጃ በሰው ማስመጣት ነው።

አሁን ፍሪሲዮኑ ፔዳሉ ጫፍ ላይ መያዝ ጀምሯል። ከእነ ቤሪንጉ ታዟል፤ እስኪመጣ ድረስ ከቆመበት አላስፈነጥረውም፣ የዚህ ካምቢዮ ጥርሶችም ቢሆኑ እንዲህ ያለውን አነሳስ አይወዱትም። ካምቢዮው ሲወርድ የሞተሩን የኋላ ዘይት ማሸጊያ አብሬ አስቀይራለሁ፤ ለእሱ ብቻ ተብሎ ሁለተኛ አይወርድም።