ለድረ ገጽ ባክግራውንድ፦ የፎቶ ንጣፍ ወይስ የኤስቪጂ ጥለት?

የወረቀት፣ የእንጨት ወይም የጨርቅ ገጽታ ከተፈለገ ፎቶን የሚተካ የለም። አንድ ትንሽ ምስል (ንጣፍ) ገጹን እስኪሞላ ጎን ለጎን ስለሚደጋገም ፈተናው መጋጠሚያው ነው። 512 በ512 ፒክስል የተቆረጠውን ምስል ፎቶሾፕ ውስጥ በኦፍሴት ፊልተር (ምስሉን ወደ ጎን የሚገፋ መሣሪያ)፣ ራፕ አራውንድ (በአንዱ ጠርዝ የወጣውን በተቃራኒው የሚያስገባ ምርጫ) ተመርጦ፣ በሁለቱም አቅጣጫ 256 ፒክስል ይግፉት፤ ጠርዝ ላይ የተደበቀው ስፌት መሃል ላይ እንደ መስቀል ይወጣል። በክሎን ስታምፕ (ከምስሉ ሌላ ቦታ ቀድቶ በሚለጥፍ ብሩሽ) ሲያጠፉት ብሩሹ ጠርዙን እንዳይነካ፤ ከነካ ሌላ ስፌት ይፈጠራል። ስፌቱ ጠፍቶም ገጹ የዳማ ሰሌዳ ሊመስል ይችላል። አንዱ ጥግ ከሌላው ከጠቆረ ወይም አንድ ጎላ ያለ የእንጨት ጉጥ ካለ፣ በየ512 ፒክስሉ እየተደጋገመ ዓይን ይስባል። ስለዚህ ብርሃኑን አስቀድመው ያመጣጥኑ፣ ጉጡንም ያጥፉ።

ለነጠብጣብ፣ ለመስመርና ለጂኦሜትሪ ቅርጽ ግን ያለ ማመንታት ኤስቪጂ (ቅርጽን በኮድ የሚገልጽ የምስል ዓይነት)! ቀላል ጥለት ከጥቂት ኪሎባይት አያልፍም፣ ስክሪኑ የቱንም ያህል ጥራት ቢኖረው አይደበዝዝም፣ ቀለሙም ኮዱ ውስጥ ይቀየራል። 40 በ40 በሆነ ንጣፍ ላይ ማዕከሉ ግራ ጠርዝ ላይ ያረፈ ክብ ግማሹ ይቆረጣል፤ ያንኑ ክብ 40 ወደ ቀኝ አድርገው ይድገሙት። የንጣፉ ልክ እንደ 33.3 ክፍልፋይ ከሆነ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ፀጉር የሚያክል መስመር ሊታይ ይችላል፤ ሙሉ ቁጥር ይጠቀሙ።