የታይላንድ አረንጓዴ ካሪ ወይስ የጃፓን ካሪ?

ሁለቱም ካሪ (በቅመም የሚሠራ ወጥ) ይባላሉ እንጂ አሠራራቸው ለየቅል ነው። የታይላንዱ የሚጀምረው ከሙቀጫ ነው። አረንጓዴ ቃሪያ፣ ጠጅ ሳር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የድንብላል ሥርና ከሽሪምፕ የተሠራ ጨዋማ ድልህ አብረው ይወቀጣሉ። ከዚያ ወፍራሙ የኮኮናት ወተት ዘይቱ እስኪለይ ይንተከተካል። የተወቀጠው እዚያ ላይ ሲቁላላ ቤቱን ያውደዋል! ቃሪያው ራሱ ከአሜሪካ አህጉር ተነስቶ በፖርቱጋል ነጋዴዎች በኩል እስያ የገባ ነው።

የጃፓኑ በሜጂ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1868–1912) በእንግሊዞች በኩል ገባ። በቅቤ የተቆላ ዱቄት ያወፍረዋል። ድንችና ካሮት አለበት፤ ጣፈጥ፣ ለስለስ ይላል። ባሕር ኃይላቸው ዛሬም አርብ አርብ ይበላዋል።

ለልጆች የጃፓኑ ይሻላል። እኔ ግን ምርጫዬ የሙቀጫው ነው። አሁን የተወቀጠ ጠጅ ሳር መዓዛውን በፓኬት የታሸገ ቅመም አይተካውም።