ለአባባ ኪንድል ወይስ ታብሌት?

እህቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደውላ «ለአባባ የመጽሐፍ ማንበቢያ ልልክ ነው፣ ኪንድል ይሻላል ታብሌት?» አለችኝ። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አግኝታ ነበርና ሁለት ሳምንት ሰጠችኝ። ሁለቱም ቤቴ አሉ። ኪንድሉ (የአማዞን መጽሐፍ ማንበቢያ) የ2024ቱ ባለ 7 ኢንች ፔፐርዋይት ነው፣ ታብሌቱ ደግሞ ባለ 11 ኢንች አንድሮይድ። ከራሴ አውጥቼ ከምመልስላት ብዬ ሁለቱንም ተራ በተራ ለአባባ ሰጥቼ ጠበቅኩ።

አባባ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። መነጽር ያደርጋሉ። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥተው ነው የሚያነቡት፣ የሚያነቡትም ከሞላ ጎደል አማርኛ ብቻ ነው። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት የኪንድል ነበር። በረንዳው ላይ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ነው የምትመታው፣ ኪንድሉ ግን ጭራሽ ይበልጥ ጥርት አለ። ስክሪኑ ኢ-ኢንክ የሚባለው ነው። ውስጡ ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች አሉ፣ ኤሌክትሪክ አንዱን ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች እየገፋ ፊደል ይሠራል፣ ገጹ አንዴ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ኃይል ሳይፈልግ እንዳለ ይቀመጣል። ቻርጁ የሚበረክተውም ለዚህ ነው። አምራቹ እስከ 12 ሳምንት ይቆያል ይላል። ግን ዋይፋይ ጠፍቶ በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ከተነበበ ነው፣ ስታሰሉት 42 ሰዓት ገደማ ይመጣል። እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ አባባ በቀን አንድ ሰዓት ያህል አንብበው በሳምንቱ ሲመልሱልኝ 80 ከመቶ ነበር፣ በመሃል ሁለት ቀን መብራት ጠፍቶ ማንም ስለ ቻርጅ አላነሳም። ክብደቱም 211 ግራም ብቻ ነው፣ በአንድ እጅ ይያዛል።

እስከዚህ ድረስ ኪንድል ልላት ነበር።

ችግሩ መጽሐፉ ነው። አባባ ጋ ያሉት ጓደኞቻቸው በቴሌግራም የላኩላቸው ፒዲኤፎች ናቸው። ሶፍት ኮፒ እንላቸዋለን እንጂ የገጽ ፎቶዎች ናቸው፣ አንድ ሰው መጽሐፉን ስካን አድርጎ የለቀቃቸው። (ደራሲው ከዚህ አምስት ሳንቲም እንደማያገኝ አባባም ያውቃሉ፤ «ታዲያ ከገበያ የጠፋውን ከየት ልግዛው?» ይላሉ።) ፎቶ ደግሞ ፊደሉ ብቻ ተለይቶ አይተልቅም፣ ገጹ በሙሉ ነው አብሮ የሚያድገው። እሳቸው ጋ ያሉት መጻሕፍት ኤ5 መጠን ናቸው፣ ማለትም 14.8 ሴንቲ ሜትር ስፋት። የ7 ኢንች ስክሪን ስፋት ግን ወደ 10.7 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ወደ 70 ከመቶ ገደማ ይጠባል። ለእንግሊዝኛ ፊደል ምናልባት ያስኬድ ይሆናል፣ የእኛ ፊደል ግን ልዩነቱ ያለው ትንሿ ቅጥያ ላይ ነው። «ይሄ ‹ኩ› ነው ‹ኪ›?» እያሉ ሦስት ጊዜ ጠሩኝ። ጥፋቱ የማንበቢያው አይደለም፣ የመጠን ጉዳይ ነው። ወደ ጎን አዙሬ ግማሽ ግማሽ ገጽ እንዲያሳይ አደረግኩላቸው፣ ፊደሉም ተነበበ። ግን አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ መግለጥ አሰለቻቸው።

በትክክል የተተየበ መጽሐፍ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። የራሳቸውን ማስታወሻ በኢፐብ፣ ፊደሉ እንደ ልብ በሚተልቅ የመጽሐፍ ፋይል ዓይነት፣ አዘጋጅቼ ላክሁላቸው (ኪንድል ኢፐብ በኢሜይል መቀበል የጀመረው በ2022 ነው)፣ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ነፃ ፎንት በኬብል «ፎንትስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ጨመርኩ፣ ፊደሉን አተለቅሁት፣ አባባ መነጽራቸውን አውልቀው አነበቡ። እንዲህ ሆኖ የተዘጋጀ የአማርኛ መጽሐፍ ግን በየሜዳው አይገኝም። አንድ የድሮ የወርድ ፋይላቸውንም ልሞክር ብል የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ መጣ። ፊደላችን ዩኒኮድ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ፣ ውስጥ የገባው በ1999 ነው (በፈረንጆቹ)፣ ከዚያ በኋላም ሰው በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አማርኛ በሚያስቀምጡት የድሮ ፎንቶች ሲተይብ ኖሯል።

ሁለተኛው ሳምንት የታብሌቱ ነበር። የባለ 11 ኢንቹ ስክሪን ስፋት ስለካው 14.8 ሴንቲ ሜትር ሆነ! ኤ5 ገጽ ሳይቀነስ ሳይጨመር ቁጭ ይልበታል። ‹ኩ› እና ‹ኪ› ታረቁ። ዓይናቸው ሲደክም ደግሞ «ተራኪ» በሚባለው አፕ ላይ የድምፅ መጽሐፍ ያዳምጣሉ፣ ያንን አፕ ኪንድል ላይ መጫን አይቻልም። ክፉ ጎኑስ? በረንዳው ላይ መስታወት ነው የሆነው፤ አባባ የራሳቸውን ፊትና የጎረቤት ሮቶ እንጂ ገጽ አላዩም። ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ስለሚጠጋ ጭናቸው ላይ ትራስ አድርገው ነው የሚይዙት። በአራተኛው ቀን ደግሞ «እያነበብኩ ነው» ብለውኝ ስገባ ዩቲዩብ ላይ የድሮ ዘፈን እያዩ አገኘኋቸው።

ሁለቱን ያጣመሩም አሉ፣ እንደ ቡክስ ያሉ አንድሮይድ ያላቸው ባለ 10.3 ኢንች ኢ-ኢንኮች። ለአባባ የሚሆነው እሱ ነበር፣ ግን ለእህቴ ኪስ ከበደ።

የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ የሚያነብ ሰው ከጠየቀኝ ዓይኔን ሳላሽ ኪንድል ግዛ እለዋለሁ፣ አሜሪካ ውስጥ 160 ዶላር ገደማ ነው። 20 ዶላር ጨምሮ ማስታወቂያ የሌለውን መግዛት አያስፈልገውም፣ ማስታወቂያው የሚመጣው ሲቆለፍ ነው እንጂ ንባብ መሃል አይገባም። ቴሌግራሙ በአማርኛ ፒዲኤፍ ለተሞላ ሰው ግን ታብሌት፣ ያውም ከ10 ኢንች የማያንስ። ስምንት ኢንቹን እንዳትገዙ፣ የ‹ኩ› እና ‹ኪ› ጠብ እንደገና ይነሳል።

ለእህቴ ታብሌት አልኳት። ብርሃን የማያንፀባርቅ የስክሪን ላስቲክም አብራ እንድትልክ ነገርኳት። አባባ ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ጥላ አዙረዋል። ዩቲዩቡን ላጥፋው ብዬ ነበር፣ «ተወው፣ ምን አጠፋ?» አሉኝ።