የሰፈራችን አፍሪዴቭ ፓምፕ ከ6 ዓመት በኋላ

የቀበሌያችን ውሃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ። በእጅ የተቆፈረ 14 ሜትር ጉድጓድ አለን፣ ላዩ ላይ አፍሪዴቭ የእጅ ፓምፕ ተተክሎበታል። ለሰፈራችሁ ልታስተክሉ ላሰባችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ፓምፑን በጣም እወደዋለሁ። ዋናው ምክንያት በአንዲት የብሎን መፍቻ ቁልፍ ብቻ መፈታቱ ነው። ክዳኑን ትከፍታላችሁ፣ እጀታውን ታወጣላችሁ፣ ዘንጎቹን ከመንጠቋቸው እያላቀቃችሁ አንድ በአንድ ወደ ላይ ትስባላችሁ፣ ቱቦው ካለበት አይነቃነቅም። የወረዳ መኪና መጠበቅ የለም። ባለፈው ጥቅምት ሁለት የኮሚቴ እናቶችና እኔ ከቡና በኋላ ጀምረን ምሳ ሳይደርስ ጨረስን። ፒስተኑ ላይ ያለችው ጎማ ጠርዟ ተበልቶ ነበር። አንድ ጄሪካን ለመሙላት ክንድ ይዝል የነበረው ለካ በእሷ ነው! አዲሷን ስናስገባ ውሃው ግልብጥ አለ። ይህችን ጎማና የእጀታውን ፕላስቲኮች በዓመት አንዴ ቀይሩ። ጠዋት ጠዋት ውሃው እስኪመጣ ብዙ መምታት ካስፈለገ ደግሞ ታች ያለውን ቫልቭ፣ ውሃው ወደ ጉድጓዱ እንዳይመለስ የሚይዘውን፣ እዩት።

የማልወደው መለዋወጫው ነው። የፓምፑ ዲዛይን ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ብዙ ፋብሪካ ያመርተዋል፣ ጥራቱም እንደ አምራቹ ይለያያል። አንዴ ከከተማ በርካሽ የገዛናት ጎማ ሁለት ወር አልቆየችም።

ፓምፕ ግን ውሃ አያጸዳም። ይህን የተማርነው በልጆቻችን ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ ላይ ተቅማጥ ከቤት ቤት ዞረ፣ ሁላችንም ፓምፑን ጠረጠርን። የፓምፑን ዙሪያ ሳይ ሲሚንቶው ላይ ጥፍር እንኳን የማያስገባ ስንጥቅ አገኘሁ። ቦዩ በጭቃ ተደፍኖ የልብስ እጣቢና የከብት እበት እዚያው ተኝቷል። ስንጥቁ ላይ አንድ ጆግ ውሃ አፈሰስኩበት፣ ዓይኔ እያየ ወደ ታች ሰረገ። ያን ቆሻሻ ስንጠጣው ከርመን ነበር ማለት ነው።

ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፈንን፣ ቦዩን ጠርገን ራቅ ወዳለ የጎመን መደብ መራነው፣ አጥር አጠርን፣ ለከብቶቹ ገንዳ ዝቅ ብሎ ሠራን። ሽንት ቤት ከጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፣ ከላይ በኩልም መሆን የለበትም። የአንድ ጎረቤታችን ከዚያ ይቀርብ ስለነበር ሰፈሩ በደቦ አዲስ ቆፈረለት። አንድም ቃል ሳይናገር አሮጌውን ደፈነ፣ እስከዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ጀርም ለመግደል ክሎሪን። ስፋቱ 1.2 ሜትር ለሆነውና 3 ሜትር ውሃ ለያዘው ጉድጓዳችን የወረዳው ባለሙያ 70 በመቶ ጥንካሬ ካለው ዱቄት 250 ግራም ገደማ አሰላልን። ዱቄቱን በፕላስቲክ ባልዲ በጥብጠን፣ ሲጠል ላዩን ብቻ ጨመርን። ሽታው በቧንቧው አፍ እስኪወጣ መታን፣ አንድ ሌሊት ቆለፍነው። በማግስቱ ሽታው እስኪጠፋ ውሃውን ቀድተን ደፋን፣ ወንዝ ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቅቀን። ክሎሪን ግን ፍሎራይድን፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳውን ንጥረ ነገር፣ አያስወግድም፣ በስምጥ ሸለቆ ያላችሁ ውሃውን ላቦራቶሪ አስመርምሩ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ጄሪካኑንም እጠቡ እባካችሁ፣ ንጹሕ ውሃ ውስጡ አረንጓዴ በሆነ ጄሪካን ተቀድቶ ምን ይረባል?

ለፓምፑ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት በመለዋወጫው ነው። ስትገዙ የሁለት ዓመት ጎማ አብራችሁ ግዙ። ቁልፏንም አንድ ሰው ቤት ብቻ አታስቀምጡ። የኛዋ ያዥ ለቅሶ ሄዳ ፓምፑ ተበላሽቶ ሦስት ቀን ወንዝ ወርደናል።