ግራቭል፣ ቱሪንግ ወይስ ባለ ባትሪ? ለእንግሊዝ ሞርላንድ የሚሆን ብስክሌት አመራረጥ

እንግሊዝ አገር ሆናችሁ መኪና ሳይጋፋችሁ ብስክሌት መንዳት ካማራችሁ፣ የድሮ የባቡር መስመሮችን ፈልጉ። በተለይ እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ ብዙ የገጠር መስመር ተዘጋ። ሐዲዱ ተነቀለ፣ መሬቱ ግን ቀረ። ውሎ አድሮም ከፊሉ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆነ። አንዳንዶቹ ሞርላንድ የሚባለውን ደጋ ያቋርጣሉ። ዛፍ እምብዛም የሌለበት፣ ረግረግ የበዛበት፣ ነፋስና ካፊያ የማይለየው ኮረብታ ነው። መንዝ ጓሳን ያየ ሰው ብዙ እንግዳ አይሆንበትም።

ሱቅ ገብታችሁ “ኮረብታማ አገር ልነዳበት ነው” ካላችሁ፣ ሻጩ ቀጥታ ወደ ባለ ባትሪዎቹ፣ ፔዳል ስትመቱ ሞተር ወደሚያግዛችሁ ብስክሌቶች ነው የሚወስዳችሁ። ቆይ በሉት። ባቡር ዳገት አይወድም። መሐንዲሶቹ ኮረብታውን ቆርጠው፣ ሸለቆውን በድልድይ ተሻግረው መንገዱን አለስልሰውታል። ለምሳሌ በዮርክሻየር፣ ከስካርብራ እስከ ዊትቢ 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደውን ሲንደር ትራክን ውሰዱ። ወደ ሬቨንስካር የሚወጣው ክፍሉ ለባቡር ከባድ ዳገት ነበር። ግን 40 ሜትር ሄዳችሁ የምትወጡት 1 ሜትር ገደማ ነው። ይረዝማል እንጂ አይገድልም።

እንግዲህ ገንዘባችሁን ከምንም በፊት በዳገት ፍርሃት አታውጡ። ብስክሌቱን የሚፈትኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ የመንገዱ ገጽ፣ ነፋሱ፣ እና መንገዱ ሐዲዱን ትቶ የሚወጣበት ቦታ።

ስለ መንገዱ ገጽ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ያለው የዳርትሙር ሞርላንድ ጥሩ ማሳያ ነው። ከኦክሃምፕተን ወደ ሊድፈርድ የሚወስደው ግራናይት ዌይ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አብዛኛው አስፋልት ነው። በ1874 የተሠራውን የሜልደን የብረት ድልድይ ከሸለቆው 46 ሜትር ገደማ ከፍ ብላችሁ ትሻገራላችሁ። እዚህ ማንኛውም ብስክሌት ይሄዳል፤ የልጅ ብስክሌትም ጭምር። እዚያው ዳርትሙር ላይ ግን በ1956 የተዘጋው የፕሪንስታውን መስመር አለ። እሱ ልቅ የግራናይት ጠጠር ነው። ቀጭን ጎማ ይዞ የገባ ሰው እጁ እስኪደነዝዝ ይንቀጠቀጣል። ሲንደር ትራክም ቢሆን የተሻሻለ ክፍል ቢኖረውም ጭቃና ድንጋይ የሚቀላቀልበት ቦታ አያጣም።

ግራቭል

መሪው እንደ ውድድር ብስክሌት የታጠፈ ነው፤ ጎማው ግን ሰፊ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ38 እስከ 45 ሚሊ ሜትር። ፍሬኑ የዲስክ ስለሆነ ዝናብ ላይ ያስተማምናል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሻንጣ ሳይበዛ ቅዳሜና እሁድ ለመንዳት ይኼ ይበልጣል። ጠጠሩንም አስፋልቱንም ይችላል፣ ቀላልም ነው።

ሁለት ነገር ግን አጣሩ። አንደኛ፣ አንዳንዱ ግራቭል ለጭቃ መከላከያና ለኋላ ዕቃ መጫኛ የሚሆን የብሎን ቀዳዳ የለውም። በዚያ ካፊያ አገር ጭቃ መከላከያ የሌለው ብስክሌት ጀርባችሁን ነው የሚያቀልመው። ሁለተኛ፣ የማርሹን ጥርስ ቁጠሩ። ሻጩ ቢስቅም ቁጠሩ። ፊት ያለው ትንሹ ማርሽ ኋላ ካለው ትልቁ ማርሽ የበለጠ ጥርስ ካለው፣ ዕቃ ጭናችሁ ቀጥ ያለ ዳገት ሲገጥማችሁ ወርዳችሁ መግፋት ይመጣል።

መሪው ቀጥ ያለው ሀይብሪድ የግራቭል ርካሽ ዘመድ ነው። 40 ሚሊ ሜትር ጎማ የሚያስገባ ከሆነ ለብዙ ሰው እሱ ይበቃል። መሪው ስለታጠፈ ብቻ ተጨማሪ ብር መክፈል አስገዳጅ አይደለም።

ቱሪንግ

ይኼ የጭነት ፈረስ ነው። ብዙ ጊዜ አካሉ ብረት ነው፤ ዕቃ መጫኛውና ጭቃ መከላከያው አብሮት ይመጣል፤ ማርሹም ለዳገት በጣም ዝቅ ይላል። ሁለት ሻንጣ ጭናችሁ ስትነዱ ኋላው አይወዛወዝም። ከባሕር እስከ ባሕር ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ለምሳሌ ከኢልፍራኮምብ እስከ ፕሊማውዝ ያለውን 160 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ሌላ አትፈልጉ። ግራናይት ዌይም የዚያ መንገድ አንድ ክፍል ነው።

ድክመቱ ጎማው ላይ ነው። ብዙዎቹ 32 ወይም 35 ሚሊ ሜትር አድርገው ይሸጧቸዋል። ለአስፋልት ግሩም ነው፤ ለፕሪንስታውን ጠጠር አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት “ጭቃ መከላከያው ሳይነሳ እስከ ስንት ሚሊ ሜትር ጎማ ይገባል?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ 40 ከሆነ ጥሩ ዕቃ ነው። ደግሞም ሞርላንድ ላይ ጎሚስታ የለም። ጎማው እንዲሁ በእጅ የሚወልቅ መሆኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩት።

ባለ ባትሪ

የብሪታንያ ሕግ ሞተሩን በ250 ዋት ይገድበዋል። ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስም እርዳታው ይቋረጣል። ከ14 ዓመት በታች መንዳት አይፈቀድም። በዚህ ልክ ከሆነ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም።

ባትሪ እውነተኛ ጥቅሙ የሚታየው ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ነው። ሞርላንድ ላይ መከለያ ዛፍ የለም። ሜዳ በሚመስል መንገድ ላይ እንኳ ነፋሱ ጉልበት ይጨርሳል። ሌላው ጥቅሙ አቅማቸው የተለያየ ሰዎችን አንድ ላይ ማስኬዱ ነው። ባልየው ጠንካራ፣ ሚስትየው ጀማሪ፣ ወይም በተቃራኒው ቢሆን፣ አንዱ ሌላውን ቆሞ አይጠብቅም። ጉልበቱን የሚያመው ሰውም ቤት አይቀርም።

ሐዲዱ የሚያልቅበትም ቦታ አለ። ከማንቸስተር በስተ ምሥራቅ ያለው ሎንግደንዴል መንገድ ከሃድፊልድ ጀምሮ በውኃ ግድቦች ዳር 10 ኪሎ ሜትር ያህል ለስላሳ ሆኖ ይሄዳል። ከዚያ ባቡሩ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝመው የውድሄድ ዋሻ ይገባ ነበር። ዋሻው ለብስክሌት ዝግ ነው። እናንተ በተራራው አናት ላይ መውጣት አለባችሁ። መኪና የሚበርበትን ኤ628 አውራ ጎዳናም መሻገር አለ። እዚህ ላይ ባትሪ ያለው ሰው ይስቃል፤ ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ይወጣል፤ ሌላው ይገፋል።

ክብደቱ ግን አይናቅ። ከ20 እስከ 25 ኪሎ ይደርሳል። ለንደን ውስጥ ሊፍት የሌለው ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ መጀመሪያ ደረጃውን አስቡ። ቀጥሎ ባቡሩን አስቡ። ወደ ዳርትሙር ስትሄዱ ከለንደን ወደ ኤክሰተር በሚወስዳችሁ ረጅም ባቡር ላይ ለብስክሌት ቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። ቦታው ደግሞ ብስክሌቱ ቆሞ የሚሰቀልበት መንጠቆ ነው። 25 ኪሎ አንስቶ መስቀል ለሁሉም አይሆንም። በዚያ ላይ ከመጋቢት 2025 መጨረሻ ጀምሮ የማይታጠፍ ባለ ባትሪ ብስክሌት በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ይዞ መግባት ተከልክሏል። ከኤክሰተር በኋላ ይቀላል። በ2021 መደበኛ ባቡር ወደ ኦክሃምፕተን ስለተመለሰ መኪና ሳይኖራችሁ እስከ ግራናይት ዌይ መነሻ ትደርሳላችሁ።

ርካሽ የባትሪ መገጣጠሚያ ከኢንተርኔት አዝዞ ተራ ብስክሌት ላይ መግጠም ይቅርባችሁ። ጥራት የሌለው ባትሪ ቤት ውስጥ ሲሞላ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ስለ ክፍያው

ተቀጣሪ ከሆናችሁ አሠሪያችሁ “ሳይክል ቱ ወርክ” የሚባለው አሠራር እንዳለው ጠይቁ። የብስክሌቱ ዋጋ ከታክስ በፊት ካለው ደመወዛችሁ በየወሩ ይቆረጣል፤ ታክሱም ይቀንሳል። ብዙ ሰው የማይነገረው ነገር ግን አለ። ቆረጣው ደመወዛችሁን ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል በታች ማውረድ የለበትም። ወለሉ ላይ ያላችሁ ሰዎች አይፈቀድላችሁም ማለት ነው። በግል የሚሠሩ ታክሲ ነጂዎችና ዕቃ አድራሾችም አይጠቀሙበትም። ለእነሱ ያገለገለ ቱሪንግ መፈለግ ያዋጣል። የብረት አካል ዕድሜው ረጅም ነው፤ የሚያልቁት ሰንሰለት፣ ጎማና ፍሬን ደግሞ ይቀየራሉ።

ያልወሰናችሁ ከሆነ መጀመሪያ ተከራዩ። በፒክ ዲስትሪክት የብሔራዊ ፓርኩ ኪራይ ቤቶች አሽበርንና ፓርስሊ ሄይ ላይ አሉ። አካባቢው የኖራ ድንጋይ አገር ነው እንጂ እውነተኛ ሞርላንድ አይደለም። ግን የድሮ ሐዲድ ላይ መንዳት ምን እንደሚመስል ያሳያችኋል። ጠዋት ተራውን ንዱ፣ ከሰዓት ባለ ባትሪውን። ልዩነቱ በሺህ ፓውንድ የሚቆጠር መሆን አለመሆኑን እግራችሁ ይነግራችኋል።