መፋቂያ ወይስ ቡርሽ? ሬት ሲንድሮም ላለባት እህቴ
ድሬ ላይ ጠዋት ጠዋት መፋቂያ አፉ ላይ የሌለ ሰው ስንቱ ነው? እናቴም ለእህቴ ከመፋቂያ ውጪ አታምንም ነበር። እህቴ 14 ዓመቷ ነው፣ ሬት ሲንድሮም የሚባል የአንጎል እድገትን የሚያውክ የዘረመል በሽታ አለባት (ስሙ ከመራራው ሬት ጋር አይገናኝም ባካችሁ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. በሽታውን የገለፀው የኦስትሪያው ዶክተር አንድሪያስ ሬት ስም ነው)፣ እጇን ስለምታፍተለትል ራሷ ምንም መያዝ አትችልም፣ ጥርሷን ደግሞ ስታፋጭ ነው የምትውለው።

መፋቂያው ርካሽ ነው፣ ውሃ ሲጠፋም አያስጨንቅም፣ የፊቱን ጥርስ ያፀዳል። ግን መንጋጋዋ ጋ ከውስጥ በኩል አይደርስም፣ ደግሞ ድንገት ስትነክሰው ስንጥሩ አፏ ውስጥ ይቀራል፣ መዋጥ የሚያስቸግራት ልጅ ላይ ይሄ ያስፈራል፣ አንዴ ትን ብሏት ቤቱ ተተራምሷል።

ቡርሹን እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ለስላሳና ጭንቅላቱ ትንሽ የሆነ። ቀጥ አድርጌ አስቀምጫት ከኋላዋ ቆሜ ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አስደግፌ ነው የምቦርሻት፣ መትፋት ስለማትችል ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና በስሱ ብቻ ነው የማደርገው። መጀመሪያ ድዷ ሲደማ እናቴ "ይኸው ቡርሽህ!" አለችኝ፣ ለካ ለሚጥል በሽታዋ የምትወስደው ፌኒቶይን ድድ ያሳብጣል፣ ያበጠ ድድ ደግሞ ካልፀዳ ይብስበታል። በባትሪ የሚሰራውንም ሞክረን ነበር፣ ድምፁን ስትሰማ አለቀሰች፣ ተውነው።

ለኔ ቡርሹ ይሻላል፣ በተለይ ማታ። ማፋጨቱን ግን ሁለቱም አያስቆሙትም፣ እሱ የጥርስ ሐኪም ጉዳይ ነው። እናቴ አሁንም መፋቂያዋን አልተወችም፣ ለራሷ።